ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፦ አሁን መቀየር፣ ቀንሶ መቀየር ወይስ ሳይቀይሩ መቆየት?

የዳሌ መገጣጠሚያው ልም አጥንት ተሸርሽሮ ያለቀበትና ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ሰው ሁለት የአጥንት ሐኪሞችን ቢያማክር፣ ሁለት ተቃራኒ መልሶችን ይዞ ሊመለስ ይችላል። አንደኛው «መጀመሪያ ክብደትዎን ይቀንሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ይለዋል፤ ሌላው «መገጣጠሚያው አልቋል፣ ማዘግየቱ አይጠቅምዎትም» ይለዋል። ሁለቱም ያለ መነሻ የተናገሩት አይደለም። የአሜሪካ የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሰውነት ክብደት ምጣኔያቸው፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላው ቁጥር፣ ከ40 በላይ ለሆነ ሕሙማን፣ በተለይም ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው፣ ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት እንዲታሰብበት መክሮ ነበር። ይኸው ማኅበር ከአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመሞች ሕክምና) ኮሌጅ ጋር በ2023 ባወጣው መመሪያ ግን፣ ሕመምተኛው አንድ የተወሰነ የክብደት ቁጥር ላይ እስኪደርስ ብቻ ተብሎ ቀዶ ሕክምናው እንዳይዘገይ ተመከረ፤ ምክሩም እንደየሰው ሁኔታ የሚታይ እንጂ የማይታለፍ ትእዛዝ አለመሆኑ አብሮ ተገለጸ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ልህቀት ተቋም በበኩሉ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ማንም ሰው በውፍረቱ ምክንያት ብቻ ወደ ቀዶ ሐኪም ከመላክ እንዳይከለከል አሳስቧል።

ስለዚህ ግራ መጋባቱ ከሕመምተኛው አለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ሙያው ራሱ በአሥር ዓመት ውስጥ አቋሙን ስላለዘበ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም የክብደት ቁጥሩ ብቻውን በር ከፋች ወይም በር ዘጊ ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ይልቁንም መጠየቅ ያለበት፣ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ የመጠበቂያው ጊዜ በምን ይሞላል የሚለው ነው። ዕቅድ የሌለው መጠበቅ ከዚህ በታች ከሚታዩት አማራጮች ሁሉ የባሰው ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት በምን እንደሚመዘኑ መወሰን ይበጃል። የመጀመሪያው መመዘኛ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጡ ከባድ ችግሮች ናቸው፤ እነዚህም በአዲሱ መገጣጠሚያ ላይ የሚደርስ ኢንፌክሽን፣ ውልቃት፣ የደም መርጋትና ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ናቸው። ሁለተኛው ሕመምን በማስታገስና መራመድን በመመለስ በኩል የሚገኘው ጥቅም ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። በሕመም ምክንያት የማይንቀሳቀስ ሰው የጭኑና የመቀመጫው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ክብደቱ ሊጨምር ይችላል፣ ለወራት የሚወስደው የሕመም ማስታገሻም ጨጓራውንና ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። አራተኛው የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ነው። አምስተኛው ደግሞ የመሳካት ዕድሉ ነው፤ በወረቀት ላይ የሚያምር፣ ግን አብዛኛው ሰው የማይዘልቀው ዕቅድ ለአንድ ታማሚ ጥሩ አማራጭ ተብሎ ሊቀርብ አይገባውም።

በተለምዶ ቢኤምአይ የሚባለው የክብደት ምጣኔ የሚሰላው በኪሎግራም የተለካውን ክብደት፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት በማካፈል ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ምጣኔው 30፣ በ101 ኪሎ 35፣ በ116 ኪሎ ደግሞ 40 ይሆናል። ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከ40 ጀምሮ ደግሞ እጅግ ከባድ የሚባለው ደረጃ ነው። ቁጥሩ ግን ስቡ የት እንደተከማቸ አይናገርም። ስቡ በሆዱ ላይ የበዛበት ሰውና በዳሌው ላይ የበዛበት ሰው እኩል ምጣኔ ቢኖራቸውም፣ ለቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ የሚያቀርቡት ፈተና የተለያየ ነው።

ክብደቱ በትክክል የሚለውጠው ምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ኢንፌክሽን ነው። ከቆዳ በታች ያለው ወፍራም የስብ ሽፋን የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ስለሆነ ቁስሉ ቀስ ብሎ ይድናል፣ ፈሳሽም ለቀናት ሊያመነጭ ይችላል። ጥልቅ በሆነ ሥጋ ውስጥ መሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ ቀዶ ሕክምናው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ቁስሉ ለጀርም የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። የአንቲባዮቲኩ መጠንም ከክብደቱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠው ሴፋዞሊን ለአዋቂ 2 ግራም ሲሆን፣ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ሰው ወደ 3 ግራም ከፍ እንዲል ይመከራል። የዳሌ ቅየራ ከተደረገላቸው ሰዎች በአጠቃላይ ጥልቅ ኢንፌክሽን የሚያጋጥመው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ምጣኔው ከ40 ሲያልፍ ግን ይህ ዕድል በብዙ ጥናቶች ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የተበከለ መገጣጠሚያ ሲያጋጥም አዲሱ አካል ወጥቶ፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ፣ በሌላ ቀን ሌላ መገጣጠሚያ እስከመግባት ሊደረስ ይችላል፤ ስለዚህ ዕድሉ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አደጋው በአንድ ቁጥር ላይ በድንገት የሚዘል አለመሆኑ ነው። ከ30 ጀምሮ በዝግታ፣ ከ40 በላይ ደግሞ በፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል፤ በ39.8 እና በ40.2 መካከል ግን ለአንድ ሰው ሕይወት የሚታይ ልዩነት የለም። በ2018 የታተመና በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የሕክምና ሥርዓት መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል፦ 40ን የማይታለፍ ገደብ ብናደርግ አንድን ሰው ከከባድ ችግር ለማዳን፣ ያለ ከባድ ችግር ሊታከሙ የሚችሉ 14 ሰዎችን ከቀዶ ሕክምናው እንከለክላለን። በእኔ ዕይታ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለታማሚ ቤተሰብ ሊነበብ የሚገባው ቁጥር ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውልቃት ነው። ወፍራም ጭን ሲታጠፍ ወይም ወደ ሌላው ጭን ሲጠጋ ሥጋው ራሱ እንደ ማንሻ ሆኖ የአዲሱን መገጣጠሚያ ኳስ ከጎድጓዳው ሊያስወጣው ይሞክራል። ከዚህም ሌላ ጎድጓዳውን በትክክለኛው ማዕዘን ማስቀመጥ በጥልቅ ሥጋ ውስጥ ያስቸግራል። የደም መርጋትና በእንቅልፍ ጊዜ የሚያጋጥም የትንፋሽ መቋረጥም በማደንዘዣው ወቅትና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ክትትልን ይጠይቃሉ። የሰው ሠራሹ አካል ያለ ኢንፌክሽን በራሱ መላላት ግን ከክብደት ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ሰው እንደሚገምተው የጠራ አይደለም፤ ጥናቶቹ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

ጥቅሙን በተመለከተ ያለው ዜና የተሻለ ነው። ከባድ ውፍረት ያላቸው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሕመምም ሆነ በመራመድ አቅም ዝቅ ካለ ቦታ ይነሣሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የሚደርሱበት ከሌሎቹ በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል። ከነበሩበት የሚያገኙት መሻሻል ግን ከቀጭኖቹ ጋር ይቀራረባል። በሌላ በኩል «ዳሌዬ ከተቀየረ በኋላ እራመድና ክብደቴ በራሱ ይቀንሳል» የሚለው ተስፋ በአብዛኛው አይሠራም። ከቅየራው በኋላ የብዙዎቹ ክብደት በነበረበት ይቆያል፤ የሚቀንሰው ለብቻው ከታቀደለት ብቻ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ሳይዘገዩ መቀየር

ይህ አማራጭ የሚስማማው ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ላለበት፣ ካልሲ ለማጥለቅ ወይም ደረጃ ለመውጣት የማይችል፣ በራጅ ምስሉም መገጣጠሚያው ያለቀ መሆኑ ለታየ ሰው ነው። ምጣኔው ከ30 እስከ 35 ከሆነና የስኳር ሕመም ወይም ሲጋራ ከሌለበት፣ በክብደቱ ምክንያት የሚጨምረው አደጋ ለማዘግየት በቂ ምክንያት አይሆንም። ከ35 እስከ 40 ባለው ክልልም ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ይቀበላሉ።

አሁን ይቀየር ከተባለ ሦስት ነገሮች ከቀዶ ሐኪሙ ጋር መነጋገሪያ ይሆናሉ። አንደኛው የመግቢያው አቅጣጫ ነው። ከፊት በኩል የሚገባው ዘዴ ጡንቻ ሳይቆረጥ ስለሚሠራ ማገገሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊፈጥን ይችላል፤ ሆኖም ሆዱ ወርዶ ብሽሽቱን በሚሸፍንበት ሰው ቁስሉ እጥፋት ውስጥ ስለሚውል እርጥበት ይበዛበታል፣ የቁስል ችግርም ይጨምራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከኋላ ወይም ከጎን መግባት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ያም ሆኖ ሐኪሙ ዘወትር የሚሠራበትን ዘዴ ትቶ በታማሚው ጥያቄ ወደማያዘወትረው ቢሄድ የሚገኘው ጥቅም ይጠፋል። ሁለተኛው የመገጣጠሚያው ዓይነት ነው፤ የውልቃት ስጋት ለበዛበት ሰው ሁለት የመዞሪያ ገጽ ያለው፣ በቀላሉ የማይወልቅ ጎድጓዳ መጠቀም ይቻላል። ሦስተኛው ማደንዘዣው ነው፤ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው ዘዴ የትንፋሽ ችግር ላለበት ሰው ይመረጣል፣ ምንም እንኳ በወፍራም ጀርባ ላይ የመርፌውን ቦታ ማግኘት አንዳንዴ የአልትራሳውንድ እገዛ ቢፈልግም።

አማራጭ ሁለት፦ ክብደቱን ትቶ ሌሎቹን አደጋዎች ማስተካከል

ከስድስቱ አማራጮች በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል፤ ሆኖም ሁሉም ዓይን ክብደቱ ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የ2023ቱ መመሪያ ለክብደት ቁጥር አትጠብቁ ሲል፣ በደንብ ላልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመምና ለሲጋራ ግን ማዘግየትን ደግፏል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠኑን የሚያሳየውን ምርመራ አድርጎ ውጤቱን ይዞ መምጣት አለበት፤ ብዙ ማዕከላት ከ7.5 እስከ 8 በመቶ ያለውን እንደ ላይኛ ገደብ ይጠቀሙበታል። ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም ይኖርበታል። የደም ማነስ ካለ ምክንያቱ ተፈልጎ ይታከማል። በሆድና በብሽሽት እጥፋት ውስጥ ያለ ቁስል ወይም የፈንገስ ሽፍታ፣ በጥርስ ላይ ያለ ኢንፌክሽንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መዳን አለበት። በመገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋ ሰው ከመርፌው እስከ ቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር ማሳለፉ የኢንፌክሽንን ዕድል ይቀንሳል። የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ የእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ ቢመረመር፣ የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይዘጋጅበታል።

የሚያስገርመው ወፍራም ሰውም በምግብ ንጥረ ነገር የተጎዳ ሊሆን መቻሉ ነው። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በዴሲሊትር ከ3.5 ግራም በታች ከሆነ ቁስል የመዳን አቅሙ ይዳከማል፤ ይህን ጉዳት መስታወትም ሚዛንም አያሳየውም። ይህ ሁሉ ዝግጅት በአብዛኛው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ የሚጠይቀውም በአመዛኙ የላቦራቶሪ ምርመራና ክትትል ነው።

አማራጭ ሦስት፦ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ቀንሶ መቀየር

በእያንዳንዱ እርምጃ በዳሌ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነት ክብደትን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ጥቂት ኪሎ መቀነስ እንኳ ሕመሙን ሊያቀል ይችላል። የሚገኘውን ውጤት ግን በልኩ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጥሩ ክትትል ስር ያለ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ መልካም ውጤት ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 130 ኪሎ የሆነ ሰው ምጣኔው 45 ነው፤ 10 በመቶ ማለትም 13 ኪሎ ቢቀንስ 117 ኪሎ ይሆናል፣ ምጣኔውም 40.5 ላይ ይቆማል። ይህ ሰው ከ40 በታች ካልወረደ አይታከምም የሚል ሐኪም ካጋጠመው፣ ብዙዎች ያልቻሉትን ከቻለ በኋላም በሩ አይከፈትለትም። እንዲህ ያለ ገደብ ሕክምናን የሚያዘገይ ሳይሆን የሚከለክል መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

የዳሌ ሕመም መራመድን ስለሚያከብድ እንቅስቃሴው በውኃ ውስጥ፣ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ወይም ተቀምጠው በሚሠሩት የክንድና የእግር ልምምድ ላይ ቢመሠረት ይሻላል። ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ ምግብን በጭካኔ መቁረጥ ጡንቻንና ፕሮቲንን ስለሚያሳጣ፣ ከላይ ወደተነገረው የአልቡሚን ችግር ይመልሳል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከሐኪሙ ጋር ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሆን የጊዜ ገደብ ቢያስቀምጥ፣ ገደቡ ሲደርስም የተገኘው ምንም ያህል ቢሆን ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ከወዲሁ ቢስማማ ይመከራል።

አማራጭ አራት፦ በመድኃኒት ቀንሶ መቀየር

ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት በሳምንት አንዴ የሚወጉ መድኃኒቶች ይህን ንጽጽር ለውጠውታል። በ2024 ይፋ የሆነና 407 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የጉልበት መሸርሸር ላለባቸው ሰዎች ሴማግሉታይድን ለ68 ሳምንታት ሰጥቶ፣ ክብደታቸው በአማካይ 13.7 በመቶ መቀነሱን፣ ማስመሰያ መርፌ የተሰጣቸው ግን 3.2 በመቶ ብቻ መቀነሳቸውን አሳይቷል። የሕመም መለኪያውም ከመቶ ነጥብ በ41.7 ዝቅ ብሎ ነበር፤ በማስመሰያው ወገን ግን በ27.5። ጥናቱ የተሠራው በጉልበት ላይ ነው። ዳሌ ከክብደት ጋር ያለው ግንኙነት ከጉልበት የላላ ስለሆነ፣ ያንኑ ያህል የሕመም ቅነሳ ከዳሌ መጠበቅ አይገባም፤ የክብደት ቅነሳው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ክብደቱ ይመለሳል፤ በሴማግሉታይድ ላይ በተደረገ ክትትል ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቀነሱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ስለዚህ ወጪው የአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ የሚቀጥል ነው። ከስቡ ጋር ጡንቻም ስለሚቀንስ በቂ ፕሮቲንና የጡንቻ ልምምድ ግድ ይላሉ። በተጨማሪም መድኃኒቱ ጨጓራ ቶሎ እንዳይጎድል ስለሚያደርግ፣ በማደንዘዣ ጊዜ ምግብ ወደ ሳንባ የመግባት ስጋት አለ። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ሳምንታዊው መርፌ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት አስቀድሞ እንዲቆም መክሮ ነበር፤ በ2024 ግን በርካታ ማኅበራት በጋራ ባወጡት ምክር አብዛኛው ሰው ሊቀጥል እንደሚችል፣ ስጋት ያለበት ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ 24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ እንዲወስድ ተጠቁሟል። ተጠቃሚው መድኃኒቱን መውሰዱን ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳይነግር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለበትም።

አማራጭ አምስት፦ መጀመሪያ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና

ከሁሉም በላይ ክብደት የሚቀንሰው ይህ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ከሰውነት ክብደት ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊትና ለእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥም ይጠቅማል። መገጣጠሚያን በተመለከተ ከታዩት ማስረጃዎች ጠንካራው በ2022 የታተመና 82 ሰዎች በዕጣ የተመደቡበት ጥናት ነው፤ በጨጓራቸው ላይ ማጥበቂያ ቀለበት ከገባላቸው በኋላ ጉልበታቸው እንዲቀየር ከታቀደላቸው ሰዎች ከባድ ችግር ያጋጠመው 14.6 በመቶ ሲሆን፣ በቀጥታ ከተቀየረላቸው 36.6 በመቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ 29.3 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ስለቀለላቸው የጉልበቱን ቅየራ ራሳቸው ትተውታል። ይህም ጥናት የጉልበት ነው፤ በዳሌ ላይ የተደረጉት ክትትሎች የሰጡት ውጤት የተደበላለቀ ነው።

ዋጋው ሁለት ትልልቅ ቀዶ ሕክምናዎችን መቀበል ነው። ጨጓራን ከማሳነሻ ዘዴዎች አንዱ የሆነው የጨጓራ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን ማስታገሻዎች እንዳይወስድ ይመከራል፣ ምክንያቱም በስፌቱ ላይ ቁስል ያመጣሉ፤ የዳሌ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ እነዚህን ማጣት ቀላል አይደለም። የብረት ማዕድን፣ የቫይታሚን ቢ12ና የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዲሁም የአጥንት መሳሳት ሊከተሉ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ክብደቱ በፍጥነት እየወረደ ባለበት ወቅት ዳሌን መቀየር አይበጅም፤ ብዙ ሐኪሞች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። አማራጩ በተለይ የሚታሰበው ምጣኔው ከ40 በእጅጉ ለበለጠ፣ ከዳሌውም ሌላ በውፍረቱ ምክንያት ብዙ ሕመም ላለበትና ገና መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው።

አማራጭ ስድስት፦ ሳይቀይሩ መቆየት

ሕመሙ መጠነኛ ለሆነ ሰው ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። በፊዚዮቴራፒ የሚመራ የጡንቻ ልምምድ፣ በተመጠነ ሁኔታ የሚወሰድ ማስታገሻ፣ ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ የሚያዝ ከዘራ ብዙ ይረዳሉ። ከዘራውን በታመመው ወገን መያዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚገባውን ያህል ጫናውን አይቀንስም።

መገጣጠሚያው ላለቀበት ሰው ግን ልምምድ ቅየራን አይተካም። በ2024 በታተመና ከባድ የዳሌ መሸርሸር ያለባቸው 109 ሰዎች በዕጣ በተመደቡበት ጥናት፣ ከ0 እስከ 48 በሚሰጠው የዳሌ መለኪያ ቅየራ የተደረገላቸው በስድስት ወር በ15.9 ነጥብ ሲሻሻሉ፣ የጡንቻ ልምምድ የታዘዘላቸው በ4.5 ነጥብ ብቻ ተሻሽለዋል።

አማራጮቹ በአጭሩ

| አማራጭ | ከባድ ችግር የመምጣቱ ስጋት | የሕመም ማስታገሻ ጥቅም | የሚወስደው ጊዜ | ወጪ | ይበልጥ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳይዘገዩ መቀየር | ከክብደቱ ጋር ይጨምራል | ከፍተኛና ፈጣን | ሳምንታት | የአንድ ቀዶ ሕክምና | ምጣኔው ከ40 በታች፣ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበት |
| አደጋዎችን አስተካክሎ መቀየር | ይቀንሳል | ከፍተኛ | ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር | ጥቂት ጭማሪ | ስኳር፣ ሲጋራ ወይም የደም ማነስ ያለበት |
| በአመጋገብ ቀንሶ መቀየር | በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል | ከቅየራው በፊት ትንሽ | ከ3 እስከ 6 ወር | ዝቅተኛ | ምጣኔው ከ40 በጥቂቱ ያለፈ |
| በመድኃኒት ቀንሶ መቀየር | ሊቀንስ ይችላል | ከቅየራው በፊት መካከለኛ | ከ6 ወር እስከ ከዓመት በላይ | ከፍተኛና ተከታታይ | ምጣኔው ከ40 በላይ፣ መክፈል የሚችል |
| ጨጓራን አሳንሶ መቀየር | በዳሌ ላይ ማስረጃው የተደበላለቀ | በክብደቱ ልክ | ከ1 ዓመት በላይ | የሁለት ቀዶ ሕክምና | ምጣኔው ከ40 በእጅጉ የበለጠ፣ ብዙ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት |
| ሳይቀይሩ መቆየት | የቀዶ ሕክምና ስጋት የለም | መገጣጠሚያው ካለቀ ውስን | ቀጣይ | ዝቅተኛ | ሕመሙ መጠነኛ የሆነ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ግልጽ ነው፦ ሲጋራን ማቆም፣ ስኳርን ማስተካከል፣ ቆዳንና ጥርስን ማከም። ይህን ያደረገ ሰው ኪሎው ባይነቃነቅም ለቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የተዘጋጀ ሆኗል። ሥራው በእግር መቆምን የሚጠይቅና በሕመሙ ምክንያት ገቢውን እያጣ ያለ ሰው፣ ከስድስት ወር በላይ የሚወስድ ማንኛውም ዕቅድ ሲቀርብለት በመጠበቁ የሚያጣውን ገቢ ከሕክምናው ወጪ ጋር ደምሮ ማስላት ይኖርበታል፤ ርካሽ የመሰለው አማራጭ በዚህ ስሌት ውድ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜው ገና በአምሳዎቹ ላይ ያለ ሰው የተለየ ስሌት አለው። በ2019 የታተመ ሰፊ ትንታኔ እንዳሳየው ከተቀየሩ ዳሌዎች 58 በመቶ የሚሆኑት 25 ዓመት ይቆያሉ፤ ስለዚህ ይህ ሰው ወደፊት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፣ ያኔም ክብደቱ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ይጠቅመዋል። ሕመሙ የሚፈቅድለት ከሆነ በመድኃኒት ወይም ጨጓራን በማሳነስ የሚገኘውን ትልቅ ቅነሳ መጀመሪያ ማስቀደሙ ትርጉም ይኖረዋል። በሰባዎቹ ያለና ጡንቻው የሳሳ ሰው ግን ክብደትን በፍጥነት ከመቀነስ የሚደርስበት የጡንቻ መጥፋት ሊብስበት ስለሚችል፣ አደጋዎቹን አስተካክሎ መቀየሩ ይሻለዋል።

ምጣኔው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ጉዳዩ የሚታይበትን ቦታ መምረጥ አለበት። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ሰፊ የቀዶ ሕክምና አልጋ፣ ረጃጅም መሣሪያዎች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና በዚህ የሰውነት መጠን ላይ የሠራ ቡድን ይጠይቃል። ለአቅራቢያ ሲባል ይህ ሁሉ በሌለበት መታከም አይመከርም።

«በክብደትዎ ምክንያት አይሆንም» የተባለ ሰው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ ከክብደቱ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ ወይ፤ ስንት ኪሎ ሲቀንስና በስንት ወር ውስጥ ዳግም እንደሚታይ፤ ለመቀነሱ ማን እንደሚረዳው፤ ገደቡን ባያሟላ ጉዳዩን የሚያይ ሌላ ቀዶ ሐኪም ማን እንደሆነ። መልሱ በጽሑፍ ቢሰጠው፣ ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ከራጁ ጋር ይዞት ይሄዳል።